ጋና፦ ዳኛው የበላው እቁብ

እንደምን ናችሁ ቤተሰብ! ዛሬ አክራ ነን። በወሬ ማለቴ ነው፣ የቲኬት ብር ከየት ይመጣል? ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ እንዳንደናገር።

እቁብ ትጥላላችሁ አይደል? በቃ፣ ግማሹ ገብቷችኋል። ሃያ ሆናችሁ ጣላችሁ፣ ዕጣው ለእናንተ ወጣ። ሶፋ መርጣችኋል፣ ቀብድም ከፍላችኋል። ዳኛው መጣና «ብርህ አለ፤ ግን ዘንድሮ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ቀስ እያልኩ እሰጥሃለሁ» አለ። ዋሱ ይጠራ! ዋሱ ማን ነው? ራሱ ዳኛው!

ዳኛው የጋና መንግሥት ነው። ኮቪድ፣ የዩክሬን ጦርነት፣ የተከመረ የቦንድ ዕዳ (ቦንድ ማለት መንግሥት ከሰው የሚበደርበት ወረቀት ነው)፣ የወደቀ ሴዲ፣ ማለትም የጋና ገንዘብ፤ ይህ ሁሉ ተደራርቦ የዳኛውን ኪስ አራቆተው። በዲሴምበር 2022 የአብዛኛውን የውጭ ዕዳ ክፍያ አቆመ፤ የአገር ውስጡንም ቦንድ ወለዱ በቀነሰ፣ ጊዜው በራቀ ቦንድ ልለውጥ አለ። የዋጋ ንረቱ 54.1 በመቶ! ቦንድ የገዙ ጡረተኞች ገንዘብ ሚኒስቴር ደጅ ሄደው ቁጭ አሉ። አዎ፣ እቁብተኛ ዳኛው ደጅ ሲቀመጥ ማለት ነው። በኋላ መንግሥት እነሱን ከቦንድ ለውጡ ነፃ አደረጋቸው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አይኤምኤፍም በ2023 የ3 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ።

እዚህ ላይ ሁሌ የምትጽፉልኝ ነገር አለ፦ «አፍሪካ ውስጥ ሰው የሚመርጠው በብሔር ነው፤ የኑሮ ውድነት ምን አገባው?» ቆይ፣ ቆይ። ግማሽ እውነት ነው። የአሻንቲ ክልል ያኔ ገዢ የነበረው የኤንፒፒ ፓርቲ ቤት ነው፣ የቮልታ ክልል ደግሞ ያኔ ተቃዋሚ የነበረው የኤንዲሲ። ግን ኩርፊያ የሚባል ነገር ረሳችሁ! የተናደደ ደጋፊ የግድ ጎረቤት ቤት አይሄድም፤ እቤቱ ይተኛል። ዲሴምበር 7 ቀን 2024፣ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ቀን፣ ብዙ የኤንፒፒ ደጋፊ የተኛው እንደዚያ ነው። የኤንዲሲው ጆን ማሃማ 56 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ። ስለዚህ ብሔር ማንን እንደምትመርጥ ይነግርህ ይሆናል፤ ከአልጋህ መነሳትህን ግን ኪስህ ነው የሚወስነው። የእኔ አስተያየት ነው፣ ተሟገቱኝ። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ተሟገቱኝ!

የተሸነፉት የኤንፒፒ እጩ፣ የያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ባውሚያ ደግሞ የማዕከላዊ ባንክ ምክትል ገዥ የነበሩ ናቸው። በ2014፣ ተቃዋሚ ሳሉ፣ የኢኮኖሚው መሠረት ከደከመ ምንዛሪው ያጋልጥሃል ብለው ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ማሃማን ወርፈው ነበር። ምንዛሪው ራሳቸውን አጋለጠ! ግን ላመስግናቸው፦ ምርጫ ኮሚሽን ውጤቱን ሳያውጅ፣ በማግስቱ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለዎት አሉ።

ማሃማም ቢሆኑ በ2016 ሥልጣን ያጡት በኑሮ ውድነትና በ«ዱምሶር» ምሬት ነው። ዱምሶር በትዊ ቋንቋ የመብራት ጠፋ መጣ ነው። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ፣ መብራት ካለ።