የመጀመሪያዋን ማይን ያለቀሰላት የለም

እሺ… ዛሬ እንኳ ቃል የገባሁላችሁን ነበር ላወራ ያሰብኩት፣ እሱ ግን ይቆየን። ይኼኛው እንቅልፍ ነስቶኛል። አዎ፣ ‹አሴንዳንስ ኦፍ ኤ ቡክዎርም› ነው፤ አንዲት ጃፓናዊት ሞታ በሌላ ዓለም በአንዲት በሽተኛ ሕፃን፣ በማይን፣ ገላ ውስጥ የምትነቃበት የጃፓን ልቦለድ። አዎ፣ እንደገና። እህቴ «አሁንስ አልበዛም?» ትለኛለች፤ ግን እኮ ሰሞኑን ማንጋውን (የልቦለዱን በሥዕል የተሠራ ቅጂ) ይዛ ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ እሷው ናት።

ያቺ ጓደኛዋ ሉትዝ ማይንን የሚያፋጥጥባት ቦታ አለች አይደል? አንቺ ማነሽ፣ የኔን ማይን መልሺልኝ የሚላት። እህቴ እዚያ ጋ ስትደርስ ስልኳን አስቀመጠችና «ቆይ፣ ልጅቷ ሞታለች ማለት ነው? የምሯ ማይን?» አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ ልቦለዱን 33ቱንም ቅጽ አንብቤዋለሁ፤ ለዚያች ልጅ ግን አንድም ቀን አላዘንኩም። በቃ አልታየችኝም።

ለምን? ልቦለዱን የምትተርክልን አዲሷ ማይን ናት፣ «እኔ» እያለች። መጽሐፍ ተደርምሶባት የሞተችው፣ የላይብረሪ ሥራ ልትጀምር የነበረችው ጃፓናዊት። ደራሲዋ ሚያ ካዙኪ የዚህችን ሴት ጭንቅላት ውስጥ አስገብታ ትቆልፍባችኋለች። ሥጋው የማን እንደነበር የሚጠይቅ ድምፅ እዚያ ውስጥ የለም። ሉትዝ ሲመጣ ከውጭ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው፤ እኔም ከእሷ ጋር ውስጥ ሆኜ «ምን ብላ ትመልስለት ይሆን?» እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ለእሷ! (አውቃለሁ፣ በየቅጹ መጨረሻ የሌሎቹን ዓይን የሚያሳዩ አጫጭር ምዕራፎች አሉ፣ አትጻፉልኝ። እነሱ የሚመጡት ልባችሁ ለእሷ ካዳላ በኋላ ነው።)

ማንጋው ላይስ? ንግግሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ግን ሠዓሊዋ ሱዙካ ሁለቱንም፣ ሉትዝንም ማይንንም፣ መሳል አለባት፣ ማምለጫ የላትም። ስለዚህ የምታዩት ሁለት ሕፃናት ነው። ገና ሥርዓተ ጥምቀታቸው ያልደረሰ፣ ቀጫጭን፣ ከድሃ ሰፈር የወጡ ሕፃናት ቆመው ስለ ሞት ሲነጋገሩ። ልቦለዱ ላይ ያ የአዋቂ ድምፅ ዕድሜዋን ያስረሳችኋል፤ እዚህ ግን በር ላይ ስትቆም፣ ደረጃ ስትወጣ፣ አባቷ ሲያቅፋት፣ በየገጹ ትንሽ ናት። ያ ገላ ደግሞ ከእሷ በፊት የሌላ ልጅ ነበር። እህቴ ያየችው ይኼንን ነው። እኔ ያላየሁትን በአንድ ቀን አየችው።

ታዲያ ማንጋው ይበልጣል ልል ነው? አይ፣ እሱም አይደለም።

ምክንያቱም ቀጥሎ ማይን ልጥፋ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። እህቴ ያን አንብባ ምን አለች መሰላችሁ? «አወቀችበት፣ እንዲያዝንላት እኮ ነው።» ደነገጥኩ። እየለመነችው አይደለም! ያ የገላዋ በሽታ፣ ትኩሳቱ፣ ከውስጥ ሲበላት ከርሟል፣ ደክሟታል፣ ግማሽ ልቧ ለመሄድ ተነስቷል፤ የምሯን ነው የምትጠይቀው። ይኼንን ግን እኔ የማውቀው ከውስጥ ሆኜ ትኩሳቱን አብሬያት ስለተሸከምኩ ነው። ፊት ብቻ ለሚያይ ሰው… ፊት ምን ያህል ይናገራል? ሉትዝ በመጨረሻ የኔ ማይን አንቺ ብትሆኚም ይሁን ዓይነት ነገር ይላታል አይደል። እኔ ያኔ እፎይ ብዬ ነበር። እህቴ ግን «እና ያችኛዋን ማን አለቀሰላት?» አለች። እስካሁን መልስ የለኝም።

በነገራችን ላይ ማይንና ሉትዝ ለመጽሐፍ ብለው ወረቀት የሚሠሩበትን ነገር አንስቼ ልለፍ፣ ስለምወደው። ልጡን ሲልጡ፣ በአመድ ሲቀቅሉ፣ ሲወቅጡ፣ በወንፊት መሳዩ ነገር ከውኃው ውስጥ ሲያነሱ፤ ልቦለዱ ላይ አንብቤው ወንፊቱ ምን እንደሚመስል አልገባኝም ነበር። ማንጋው ላይ አንድ ሥዕል፣ በቃ፣ ገባኝ። ክንዷ አቅም እንደሌለውም አብሮ ይታያል። ያ ዓለም መጽሐፉን የሚጽፈው ደግሞ ብራና ላይ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ስንት ቆዳ እንደሚፈጅ፣ ቁም ጸሐፊ ስንት ወር ጎንበስ ብሎ እንደሚቀመጥ እኛ አገር ለማንም አይነገርም። ስለዚህ የመጽሐፍ ዋጋ ሰምታ ስትደነግጥ እኔ አብሬያት ነው የደነገጥኩት። የሸክላ ጽላቷ እሳት ውስጥ ሲፈነዳ፣ የጻፈችበትን እንጨት እናቷ ማገዶ ስታደርገው… ኧረ ያን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ፍጥነቱ። የመጀመሪያው ክፍል በልቦለድ ሦስት ቅጽ ነው፣ በማንጋ ሰባት ሆነ። በዚህ ስሌት 33ቱ ከ70 በላይ ሊሆን ነው፤ ማን ዕድሜ አለው? ስለዚህ የሁለተኛው ክፍል ማንጋ ገና ሳያልቅ ሦስተኛው በሪዮ ናሚኖ ተጀመረ፣ ከዚያ አራተኛው በሂካሩ ካትሱኪ። አሳታሚውን እረዳዋለሁ፤ ሥዕል እጅ ይጠይቃል፣ እጅ ደግሞ ይደክማል። ግን የሁለተኛው መጨረሻ ላይ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አባቷን፣ ጉንተርን… ያ መለያየት ሳይሳል በፊት ከመለያየቱ በኋላ ያለችው ልጅ በአዲሱ ስሟ በሌላ ሠዓሊ ገጽ ላይ ትራመድ ነበር። ያኔ እየተከታተለ የነበረ ሰው ምን ተሰማው? ይኼ ያናድደኛል፣ በእውነት ያናድደኛል።

እህቴ አሁን ሁለተኛውን ይዛለች። ሦስተኛውን እንዳትከፍቺ ብያታለሁ። ወይ እዚያ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ልቦለዱን ልስጣት? ከውስጥ ሆና እንድትሰማው? ግን ያን ጊዜ የጉንተርን ፊት አታየውም፣ እኔም እኮ አላየሁትም ነበር… ሁለቱን ጎን ለጎን ብታነብስ? አይ፣ እሱ ደግሞ ይቆራርጠዋል። አላውቅም። ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ፣ እስቲ…