ኡበር እየነዱ ሚስትን ወደ አሜሪካ ማምጣት፦ ገቢው ካልሞላስ?

እሺ ዛሬ የማወራው ብዙ ሰው ኢንተርቪው ሊደርስ ሲል የሚባንንበትን ነገር ነው፣ አፊዳቪት ኦፍ ሳፖርት፣ ፎርም አይ 864፣ ማለትም የምታመጡትን ሰው በገቢዬ እደግፋለሁ ብላችሁ የምትፈርሙት ፎርም።

ዲሲ አካባቢ ኡበር የሚነዳ ልጅ እናስብ። ሲቲዝን ነው፣ ልጅ የለውም፣ ሚስቱ አዲስ አበባ ናት። በፈረንጆቹ 2024 58,500 ዶላር ሰርቷል፣ ለጓደኞቹ ሲያወራ ወደ 60 ሺህ እሰራለሁ ነው የሚለው፣ አልዋሸም። ግን በዓመቱ 50 ሺህ ማይል ነድቷልና ታክስ የሚሰራለት ሰውዬ ማይሉን በ67 ሳንቲም አባዝቶ 33,500 ዶላር ወጪ ብሎ ቀነሰለት፣ የሚከፍለው ታክስ ወረደ፣ ልጁም መርቆት ወጣ። ኢሚግሬሽን የሚያየው እንግዲህ ከዛ የተረፈውን ነው፣ 25,000።

የሚፈለገው ገቢ የፖቨርቲ ጋይድላይኑ (መንግስት በየዓመቱ የሚያወጣው የድህነት መስመር) 125 ፐርሰንት ነው፣ በ2025 ለሁለት ሰው፣ ለሱና ለሚስቱ ማለት ነው፣ 26,437 ዶላር ነበር (ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚቀየር ስታስገቡ ያለውን አይ 864 ፒ የሚባለው የኢሚግሬሽን ሰንጠረዥ ላይ እዩ)። ስለዚህ ልጃችን 1,437 ዶላር ጎደለው። ማይላችሁን ደብቁ እያልኩ አይደለም ደሞ፣ መብታችሁ ነው፣ ብቻ ፕሮሰስ ከመጀመራችሁ በፊት እወቁት።

ቤተሰብ ሲቆጠር ከዚህ በፊት ስፖንሰር ያደረጋችኋት እናታችሁ ገና ሲቲዝን ካልሆነች እሷም ትቆጠራለች፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳል። ፉድ ስታምፕ ገቢ ተብሎ አይያዝም፣ ተቀብላችሁ ስለነበር ብቻ ግን ስፖንሰር መሆን አትከለከሉም።

የጎደለውን በቁጠባ መሙላት ይቻላል። ሲቲዝን ለሚስቱ ከሆነ የጎደለው ሶስት እጥፍ፣ ማለትም ለዚህ ልጅ 4,311 ዶላር ባንክ ካለው ያልፋል፣ ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖረው አምስት እጥፍ ነበር፣ 7,185። የባንክ ስቴትመንት ሲባል የ12 ወር ስለሆነ ባለፈው ሳምንት የደረሳችሁ እቁብ ድንገት ዱብ ሲል ከየት መጣ ማስባሉ አይቀርም። አዲስ አበባ ያለ ቤትም በዓመት ውስጥ ተሸጦ ብሩ ዶላር ሆኖ መውጣት መቻል አለበት፣ እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ካልሆነ ጆይንት ስፖንሰር ነው፣ ከናንተ ጋር ሆኖ ግዴታውን የሚፈርም ሌላ ሰው። ዘመድ መሆን የለበትም፣ ሲቲዝን ወይ ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 የሞላውና አሜሪካ የሚኖር ይሁን። ግን የሱ ገቢ ከናንተ ጋር ተደምሮ አይደለም፣ ብቻውን ነው መሙላት ያለበት፣ ሚስትና ሁለት ልጅ ካለው የናንተ ሚስት ስትጨመር አምስት ሰው ይሆናሉ፣ በ2025 47,062 ዶላር ማለት ነበር። መደመር የሚቻለው አብሯችሁ አንድ ቤት ከሚኖር ወንድም ምናምን ጋር ነው፣ እሱ በሚፈርመው ፎርም አይ 864 ኤ። ደሞ ጆይንት ስፖንሰር አገኘሁ ብላችሁ የራሳችሁን 864 እንዳትተዉት፣ ገቢያችሁ ዜሮ ቢሆንም ትሞላላችሁ።

እና እባካችሁ የአክስታችሁን ልጅ «ፊርማ ብቻ ናት» ብላችሁ አታስፈርሙት። ግዴታው የሚያበቃው ሚስትየው ሲቲዝን ስትሆን፣ 40 ኳርተር የስራ ክሬዲት ሲሞላላት (አስር ዓመት ገደማ)፣ ከአሜሪካ ጠቅልላ ስትወጣ ወይ እሷ ወይም ስፖንሰሩ ሲሞት ነው፣ ብትፋቱ እንኳን እሱ አይወርድለትም። ይሄን ሰምቶ እሺ ካለ ያኔ ታክሱንና የፓስፖርቱን ወይ የግሪን ካርዱን ኮፒ ጠይቁት።