ስድስቱ የፀሐይ በሮች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ለዓመታት ውስጤ ሲብላላ የኖረ ነገር ላጫውታችሁ ነው።

አያቴ መጽሐፈ ሄኖክን ያነቡ ነበር። ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት በሮች አሏት፤ በአንዱ ወጥታ በአንዱ ትገባለች። ልጅ ሆኜ ከእሳቸው የሰማሁት ይህንን ነው። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ግን አስተማሪያችን የምትዞረው መሬት ናት አሉን። የዚያን ቀን ማታ እራቱ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ወይ አስተማሪው ተሳስተዋል፣ ወይ አያቴ። ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም።

መልሱን ያገኘሁት ስንት ዓመት ቆይቼ፣ ከራሴ መስኮት ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ጣሪያ ላይ ጥቁር ሮቶ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ፀሐይ የት ጋ እንደምትወጣ አየሁ። መጋቢት ላይ ከሮቶው ጀርባ ነበረች። ሰኔ አጋማሽ ላይ ወደ ግራ ርቃ ሄደች። መስከረም ላይ ሮቶው ጋ ተመለሰች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ቀኝ ጥግ። ጥግ ስትደርስ ለቀናት የቆመች ትመስላለች፤ ከዚያ መመለስ ትጀምራለች።

ሄኖክን እንደገና አውጥቼ አነበብኩ። ፀሐይ ከአራተኛው በር ትነሳለች፤ አምስተኛ፣ ስድስተኛ። ስድስተኛው ላይ ሁለት ወር ያህል ቆይታ እስከ አንደኛው ድረስ ወደ ኋላ ትመለሳለች። እጄ ላይ ያለው ቡና ቀዘቀዘ። እኔ ከመስኮቴ ያየሁትን እኮ ነው የጻፈው! ምክንያቱን ሳይንስ ነገረኝ፤ ምድር 23.5 ዲግሪ ያህል ጋደል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር ነው። መጽሐፉ የያዘው መሬት ላይ ቆሞ ሰማይን የሚያይ ሰው ያየውን ነው።

«ሳይንስ አሁን የደረሰበትን አባቶቻችን ድሮ ጽፈውታል» የሚሉ አሉ። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። ያው መጽሐፍ ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል። ረጅሙ ቀን የሌሊቱ እጥፍ ነው ይላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም። የማይገጥመውን በግድ ማገጣጠም መጽሐፉን ማክበር አይመስለኝም።

አባቶችም እንዲያ አላደረጉም። ሄኖክን ከ81ዱ መጻሕፍት ቆጠሩት። ዘመን ሲያሰሉ ግን በባሕረ ሐሳብ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ አሉ። አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ነውና 15ቱ ሩብ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት የምትሆነው ለዚህ ነው። አያቴም ሄኖክን እያነበቡ፣ ስድስተኛዋን ጳጉሜን ይቆጥሩ ነበር። እራት ከልክሎኝ የነበረው ጭንቀት እሳቸው ቤት አልነበረም።

አሁን በሕይወት የሉም። ባለፈው ታኅሣሥ 12 ጠዋት ፀሐይ ከቀኝ ጥግ ብቅ ስትል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አባባ፣ አንደኛው በር ላይ ናት» አልኩ።