ሳቃቸው ሲገባን

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሊዮንና ከማርሴይ በባቡር የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ወንበር አለ፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ አትቁሙ። ቡናው እየተቆላ ነው። ሽታው እዚህ እስኪደርስ እኔ ሊቀ መንበራችሁ ላውራ። ከደረሰ በኋላ ማን ይሰማኛል!

አምና በዚሁ ጉባኤ ላይ አንድ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው የጠየቁኝን አልረሳሁትም። «ይህ ማኅበር የተቋቋመው በሐዘንና በደስታ ልንደራረስ ነው። አሁን ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን የሞቱ የፈረንሳይ ቀልደኞችን እናያለን። ምን አገባን?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና መልሱን አሳደርኩት። ዘንድሮ ይኸው መልሴን ይዤ መጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ኋላ እንዳንጣላ።

ፓሪስ እንደመጣሁ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። ዋናው አብሳይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ወጥ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ እኮ! ለምን እንደሚያስቁ ነው የማላውቀው። አንድ ቀን አጠገቤ የቆመው ልጅ «ምን ብሎ ነው?» ሲል በእጅ ምልክት ጠየቀኝ። ለካ እሱም እንደኔ ዝም ብሎ ነበር የሚስቀው።

ያ ዐረፍተ ነገር የመጣው ከአንድ ፊልም መሆኑን የደረስኩበት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በበዓል ሰሞን ቴሌቪዥን ሳይ ነው። ፊልሙ «ላ ግራንድ ቫድሩዪ» ይባላል፣ በ1966 የወጣ ነው። ፈረንሳይ ያኔ ሕዝቧ ወደ 50 ሚሊዮን ነበር። ፊልሙ ከ17 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠ። «ታይታኒክ» መጥቶ በ1998 እስኪያልፈው ድረስ ማንም አልደረሰበትም። ዛሬም በቴሌቪዥን ሲደገም ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየዋል።

ታሪኩ በጀርመን ወረራ ዘመን ነው። የእንግሊዝ አብራሪዎች በፓራሹት ፓሪስ ላይ ይወርዳሉ። አንድ ኮፍጣና የኦርኬስትራ መሪና አንድ የዋህ የቤት ቀለም ቀቢ ሳይወዱ በግድ ያስመልጧቸዋል። መሪው ሉዊ ደ ፉኔስ፣ ቀቢው ቡርቪል ናቸው። ሁለቱ አንድ ሐማም፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። እንፋሎቱ ዓይን አያሳይም። እያንዳንዱ ሌላኛውን እንግሊዛዊ ነው ብሎ ጠርጥሯል። ስለዚህ ፎጣ አገልድመው፣ ላብ እያንቆረቆሩ፣ በሚያሳዝን እንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። ቃል ይጠፋል፣ እጅ ይወናጨፋል። በመጨረሻ ሁለቱም ፈረንሳዮች መሆናቸው ይታወቃል።

በየካቲቱ ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ ይህን ትዕይንት ስናይ ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። አንዲት እህታችን ከሳቋ የተነሳ ሻይዋን ደፋች። ለመኖሪያ ፈቃድ በብርድ ተሰልፋ ሳለ የሆነችውን ነገረችን። ከፊቷ የቆመውን ሰው ሰልፉ የቱ እንደሆነ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ትጠይቀዋለች። እሱም ከሷ በባሰ ፈረንሳይኛ ይመልስላታል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲታገሉ ቆዩ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ አንስቶ «አቤት እማዬ!» አለ። «ሐበሻ ነህ እንዴ?!»

ከዚያ በኋላ ፊልሙ የኛም ሆነ።

ደ ፉኔስ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1914 ኩርብቯ ነው የተወለደው፤ ከዚህ በሜትሮ የሚደረስበት ቦታ ነው። ወላጆቹ ከስፔን የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ አባቱ የሴቪያ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ያልሞከረው ሥራ የለም፤ አንዱም አልሆነለትም። በጦርነቱ ዘመን በፓሪስ መጠጥ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ፒያኖ ይጫወት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ጓደኛው ተዋናይ ዳንኤል ዤለን ፊልም ውስጥ አስገባው። ምን ሆኖ ብትሉ፣ በር ጠባቂ። ከዚያ አስተናጋጅ ሆነ፣ ፖሊስ ሆነ፣ መንገደኛ ሆነ። ገባ፣ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ወጣ። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። በ1956 በጥቁር ገበያ ሥጋ የሚሸጥ ባለሱቅ ሆኖ ሲጮህ ሰው ልብ አለው። ስሙ የገነነው ግን በ1964 «የሳን ትሮፔ ዣንዳርም» በሚባለው ፊልም ፖሊስ ሆኖ ሲመጣ ነው። ያኔ 50 ዓመቱ ነበር። ሌላው ሰው ጡረታውን ማስላት በሚጀምርበት ዕድሜ እሱ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

ልጆቻችን ከዚህ ጨዋታ ፈጥረዋል። የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲከፈት «ደ ፉኔስን ፈልግ!» ይባባላሉ። መጀመሪያ ያየው ቸኮሌት ያገኛል። አንዳንዴ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው የሚታየው፤ ትሪ ይዞ ያልፋል። ልጆቹ ግን በቅንድቡ ያውቁታል። እኔ ሦስት ጊዜ ተሸንፌያለሁ።

የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከበታቹ ላሉት አንበሳ፣ ከበላዩ ላሉት ድመት። ዝቅተኛውን ይጮህበታል፤ አለቃው ሲገባ ግን ወገቡ እስኪቀነጠስ ያጎነብሳል። አንድ አባታችን አይተውት ሲያበቁ «ይሄማ የኛ ሰፈር ሊቀ መንበር ነው!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። የቀበሌውን ማለታቸው መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። እግዜር ይስጣቸው።

በ1975 ልቡ ታመመ። ቀድሞ እንደለመደው መዝለል መሮጥ አልቻለም። በ1976 ሲመለስ የልጁን ሚና የያዘው በዕድሜ 30 ዓመት የሚያንሰው ኮሉሽ ነበር። ደ ፉኔስ በ1983 ናንት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። የመጨረሻ ዓመታቱን ጽጌረዳ ሲኮተኩት ነው ያሳለፈው።

ኮሉሽን ስጠራ ድምፄ ቢለወጥ ይቅርታ። ብዙዎቻችሁ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ ለአዲሶቹ ግን ልንገር።

በመጀመሪያው ክረምት ገንዘቤ አልቆ ነበር። አንድ ልጅ እጄን ይዞ ምግብ ወደሚታደልበት ቤት ወሰደኝ። ሬስቶ ዱ ኬር ይባላል፣ «የልብ ምግብ ቤቶች» እንደማለት ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ። በሀገር ቤት እንግዳ የሚበላበት ቤት ልጅ ነኝ እኮ! ተራዬ ደረሰ። አንዲት ሽበታም ሴትዮ ሩዝ፣ ወተትና ቆርቆሮ ሳርዲን ከረጢቴ ውስጥ ጨመረችልኝ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የአንድ ወፍራም ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ቱታ ለብሷል። ዝም ከማለት ብዬ «ማነው?» አልኳት። «አለቃችን ነው» አለችኝና ሳቀች። የእውነት አለቃቸው መስሎኝ በአክብሮት እጅ ነሳሁት።

አለቃው ከሞተ ቆይቷል። ሚሼል ኮሉቺ በ1944 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ኢጣሊያዊ ቀለም ቀቢ ነበር፤ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። ልጁ ሞንሩዥ ውስጥ በድህነት አደገ። ስሙን ኮሉሽ ብሎ አሳጠረና በመድረክ፣ በራዲዮና በፊልም ያልነካካው ባለሥልጣን የለም። አፉ ባለጌ ነበር፤ አንዳንዱን ቀልዱን እዚህ ብደግመው እናቶች ይነሱብኛል። በ1980 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ፖለቲከኞችን አስደነገጠ፤ በመጋቢት 1981 ተወው። በመስከረም 1985 ዩሮፕ 1 ራዲዮ ላይ «አንዲት ትንሽ ሐሳብ አለችኝ» ብሎ ጀመረ። ሐሳቡ በክረምት ለተራበ ሰው በነፃ ማብላት ነበር። በዚያው ክረምት 8 ሚሊዮን ተኩል ምግብ ታደለ። በሰኔ 1986 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ያኔ ለአንድ ክረምት የታሰበው ነገር ዛሬ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ ምግብ ያድላል።

የሽበታሟ ሴትዮ ሳርዲን ከዚያ ውስጥ ነበረበት።

ስለ ቴሌቪዥኖቹ ፈጠን ልበል። በ1962 የጀመረው፣ ከተሞች በጨዋታ የሚፋለሙበትና ላም ሜዳ ላይ ሰው የምታሯሩጥበት የጊ ሉክስ ፕሮግራም ወጣቶቻችንን ብዙም አልማረካቸውም። «ይህንን ሰፈራችን በነፃ አይተነዋል» አሉ። አብሮት ያስተዋወቀው ሌኦን ዚትሮን ግን አስደነቃቸው። ፔትሮግራድ ተወልዶ ከሩሲያ አብዮት የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ ነው። ኋላ የንጉሣውያንን ሠርግና የፈረስ እሽቅድምድም ለፈረንሳዮች በራሳቸው ቋንቋ ሲያብራራላቸው ኖረ።

ደኒዝ ግላዘር ግን ልቤን ወስዳዋለች። ከ1959 ጀምሮ ዘፋኞችን ትጠይቅ ነበር። ጠይቃ ዝም ትላለች። ካሜራው ሰውየው ፊት ላይ ይቆያል። ሰውየው መልሱን ይጨርሳል፣ እሷ አሁንም ዝም። ጭንቅ ይለዋል። ከዚያ እውነተኛው ነገር ከአፉ ይወጣል። የዛሬ ጋዜጠኞች ብታዩት ምን አለ! በ1975 የመንግሥቱ ብሮድካስት ድርጅት ሲፈርስ ፕሮግራሟ ቀረ፤ ሌላም አልተሰጣትም። በ1983 በችግርና በብቸኝነት ሞተች። እሷ ያስተዋወቀቻቸው ዘፋኞች ግን ያኔ የት ደርሰው ነበር።

ጆሴፊን ቤከር ላይ መጣላታችንን አልደብቅም። ከአሜሪካ በ1925 መጥታ ፓሪስን ያንቀጠቀጠች ዘፋኝና ዳንሰኛ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ለፈረንሳይ የምሥጢር መረጃ አቀብላለች፤ በ2021 የሀገሪቱ ታላላቅ ሰዎች የሚታሰቡበት ፓንቴዎን ገብታለች። ነገር ግን በ1935፣ ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲሰናዳ፣ እሱን የሚደግፍ ቃል ለጋዜጠኞች ተናግራለች። ያን ምሽት ይህ ሲነሳ ሁለት አባቶች ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ። አባታቸው ማይጨው የወደቀ ሰው ቢወጣ አልፈርድበትም። እኔ እስከ መጨረሻው አየኋት። ስትዘፍን ታምራለች። የተናገረችውም ተናግራዋለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለአንዱ ብዬ አልሰርዝም።

የራዲዮው ሰው ፒየር ዳክ ነው። እውነተኛ ስሙ አንድሬ ኢዛክ፣ አይሁዳዊ ነው። ቀልዱ የተወላገደ፣ ትርጉሙ ላያችሁ ላይ ተገልብጦ የሚወርድ ዓይነት ነበር። ጀርመን ፈረንሳይን ስትይዝ ሸሸ፣ ስፔን ውስጥ ታሰረ፣ በመከራ ለንደን ደርሶ በፈረንሳይኛው ሥርጭት መናገር ጀመረ። በግንቦት 1944 ከጀርመን ጋር ያበረው የቪሺ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ አፈ ቀላጤ ፊሊፕ አንሪዮ በራዲዮ ተነሳበት። ስሙ ኢዛክ የሆነ ሰው ስለ ፈረንሳይ ምን አገባው አለ።

ምን አገባው። ጋሼ፣ ቃሉን ልብ ይበሉልኝ።

ዳክ ያን ሰሞን ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ ቀልድ አልቀለደም። ወደ ሞንፓርናስ መቃብር ሂድ አለው። ወንድሜ ማርሴል እዚያ ተቀብሯል፣ በ1915 ሻምፓኝ ግንባር ላይ ወድቆ። መቃብሩ ላይ «ለፈረንሳይ ሞተ» ይላል። ባንተ መቃብር ላይ ደግሞ ለሂትለር መሞትህ ይጻፋል አለው። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተቃውሞው ታጋዮች አንሪዮን ገደሉት።

ጽሑፉን ባነበብንበት ምሽት አዳራሹ ፀጥ አለ። እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ ባካሎሬያውን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን፣ በማዕረግ ያለፈ ልጃችን «እኔንም ይጠይቁኛል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እንግዲህ ጋሼ፣ መልሴ ብዙ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ያየናቸውን ሰዎች አባትና እናት ስንጠይቅ አንዱ ከሴቪያ፣ አንዱ ከኢጣሊያ፣ አንዱ ከፔትሮግራድ፣ አንዷ ከአሜሪካ ሆነው ተገኙ። አንዱ ደግሞ እዚሁ ተወልዶ፣ በዚህ ምድር ቆስሎ፣ «ምን አገባህ» ተባለ። የዚህን ሀገር ሰው ያሳቁት እነሱ ናቸው። እኔም ዛሬ ሥራ ቦታዬ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ ለምን እንደምስቅም አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት እንዲያውም አንዷን የሐማም ቃል እኔ ጣል አደረግኋት። ሳቁ። አንዱ ባልደረባዬ «አንተ ይህንን ከየት ታውቃለህ?» አለኝ። ከማኅበሬ አልኩት።

ሳልረሳ፣ ዓመቱን የከፈትነው በዦርዥ ሜልየስ ነበር። የአስማት ትርዒት ሰው ነው፤ በፊልሞቹ ሰይጣን ሆኖ መጫወት ይወድ ነበር። እርጅናው ላይ ከስሮ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊት ሸጧል። ሰይጣኑ ጭስ ውስጥ ሲጠፋ አንዲት እናታችን «አያቶቻችን ሰይጣን ቤት ማለታቸው ታዲያ ምን ያጠፋሉ?» አሉ። ፈረንሳዮች አዲስ አበባ ላመጡት ሲኒማ ሕዝባችን ያወጣለትን ስም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ፕሮግራማችን ስም ሰይጣን ቤት ሆኖ ቀርቷል። ቄሳችን ይህንን እየሰሙ ነው፤ በኋላ ይምከሩኝ።

ቡናው ደርሷል፣ ይሸተኛል። ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው፤ ያልከፈሉትን ስም ቀስ ብለው ያንብቡ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ፊልም አለ። ሁለት ሰዓት ስል በኛው አቆጣጠር ነው፤ አምና ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት መጥቶ በር ላይ የቆመ ሰው ነበር። ጋሼ፣ የፊት ወንበር ተይዞልዎታል። ካፖርትዎን አስቀምጬልዎታለሁ፤ ከፊልሙ በፊት አልሰጥም።