ዛሬ ስለ ጓንት ብቻ ነው

እሺ። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

ድምፄ ከሻከረ ይቅርታ። ጠዋት ወጥቼ ነበር። አዎ፣ በአሮጊቷ፣ በሞተሬ። አዎ፣ በዚህ ብርድ። የምትሉትን አውቀዋለሁ፣ አትድከሙ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ማይክ ፊት ቁጭ ብዬ «ከእንግዲህ ጓንት አልገዛም» ብዬ ነበር። መሳቢያው እኮ መዘጋት አቅቶታል። ግራው ብቻ የቀረ አለ፤ ቀኙ የት እንደገባ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው። እና ዛሬ የማወራው ስለ ጓንት ነው። ስለሚሞቅ ጓንት። ሳቁ፣ ሳቁ።

ሦስት ሌሊት ሳነብ ነው ያደርኩት። ሰው ቤት ሲገዛ እንኳ እንዲህ አያጠናም። የገባኝን ልንገራችሁና ከዛ ወደ ሌላው ነገር እንሄዳለን። ከሄድን። እህቴ አምስት ደቂቃ ሰምታ እንደምታጠፋው ታውቃላችሁ አይደል? ስለዚህ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ንጹህ ጓንት ነው።

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው የራሱ ባትሪ አለው፤ እጅጌው ላይ ባለች ትንሽ ኪስ ትገባለች። ሁለተኛው በገመድ ከሞተሩ ባትሪ በ12 ቮልት ይሰራል። የእኔ የመጀመሪያው ነው። ነበር ልበል? አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እያየኝ ነው።

ካርቶኑ «እስከ 6 ሰዓት» ይላል። «እስከ» የምትለዋን ልብ በሉ። ስድስት ሰዓቱ ለዝቅተኛው ሙቀት ነው፤ እጅ ይሙቀው አይሙቀው እንኳ ለማይለይበት። ሒሳቡን ሰራሁት። ባትሪው 7.4 ቮልት፣ 2.2 አምፒር ሰዓት ነው። ስታባዙት 16 ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ጓንቱ በከፍተኛው 8 ዋት ቢበላ 2 ሰዓት። አለቀ። እሱም ባትሪው አዲስ ከሆነ ነው። ሊቲየም ደግሞ ብርድ ላይ ያለውን ሁሉ አይሰጥም። የእኔ ባትሪ እኮ ሙቀቱን ወራት ሁሉ ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ነው የከረመው። ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጎ ማስቀመጥ ነበር። ይሄን መቼ አነበብኩ? ትናንት ማታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የገመዱ አያልቅም። ሞተሩ እስከሰራ ይሞቃል። ግን ጥንዱ 25፣ 30 ዋት ይፈልጋል። ለትልቅ ሞተር ይሄ ምንም አይደለም። አሮጊቷ ግን የፊት መብራቷ ራሱ 35 ዋት ነው። ሌላ መብራት ጨመርኩባት በሉት። መንገድ ተዘግቶ ቆማ ስትሰራ ደግሞ ዲናሞዋ የሚያመነጨው ያንሳል፤ የጎደለውን ከባትሪዋ ትበላለች። ፊውዝም ያስፈልጋል። ሞተሩ በቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ከሚጠፋ መስመር ላይ መቀጠል አለበት፤ አለዚያ ረስታችሁት ገብታችሁ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ታገኙታላችሁ። ገመዱ በጃኬቱ እጅጌ አልፎ ወገብ ላይ ነው የሚሰካው። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ሳልነቅል ነው የምወርደው። ሰው ሁሉ እያየኝ እንደታሰረ ፍየል ተጎትቼ እመለሳለሁ።

«ለምን የሚሞቅ እጀታ አታስገጥምም?» ያላችሁኝ አላችሁ። አስቤዋለሁ። እጀታው የሚያሞቀው መዳፍን ነው። ነፋሱ የሚገርፈው ደግሞ የእጅን ጀርባ ነው። ታዲያ ወፍራም ጓንት ካጠለቃችሁ ያው ወፍራሙ ገበር የእጀታውን ሙቀት መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው ጓንት ስትመርጡ ሽቦው የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ያለባችሁ። አንዳንዱ የእጅ ጀርባ ላይ ዞሮ ይቆማል። ደህናው በእያንዳንዱ ጣት ጎን ወርዶ ጫፉን ዞሮ ይመለሳል። አውራ ጣትን የሚረሳም አለ። አውራ ጣትን!

ነፋሱ ቀልድ አይደለም። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ሲል በሰዓት 80 ብትነዱ፣ በንፋስ ቅዝቃዜ ስሌቱ ከዜሮ በታች 3 ገደማ ነው የሚሰማችሁ። እርግጥ ስሌቱ ለተገለጠ የፊት ቆዳ የተሰራ ነው፤ ለጓንት አይደለም። ግን ሃሳቡ ይገባችኋል። ሰውነት ራሱ ሲበርደው ደግሞ የጣቶቹን የደም ስር ያጠብባል። ልብና ሳንባን ለማዳን ጣትን ይሰዋል። ያን ቀን እኔ ስስ ጃኬት ነበር የለበስኩት። ስለዚህ ጓንቱን ብቻ መውቀስ...

አምስት ደቂቃ አለፈ? አለፈ።

እሺ።

ያን ቀን ጠዋት ነው። ገና በቅጡ አልነጋም። ከወጣሁ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖኛል። የጓንቱ መብራት ቀይ ስትሆን ከፍተኛው ነው፣ ታውቃላችሁ። ቀይ ነበረች። ከዛ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ከዛ ጠፋች።

አየኋት። እሱን ነው ማለት የምፈልገው። አላየኋትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይቻት «ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኩ። ትንሽ የቀረኝ ሃያ ደቂቃ ነው። መንገዱ ዳር ሰፊ መቆሚያ ነበረ፤ አልፌው ሄድኩ። ቆሜ እጄን ሞተሩ አጠገብ ባሞቅ አምስት ደቂቃ ነው። ማንም አይጠብቀኝም ነበር። ይሄ ነው የሚገርመኝ። ማንም አይጠብቀኝም።

መጀመሪያ ትንሿ ጣት ሄደች። ከዛ የቀለበቷ። ቆፈን እንዴት እንደሚመጣ ታውቁት የለ? መጀመሪያ ያማል፣ ከዛ ማመሙን ይተዋል። ማመሙን ሲተው «ተሻለኝ» ትላላችሁ። እኔ እንደዛ ብያለሁ። ድምፅ አውጥቼ፣ ሄልሜቱ ውስጥ፣ «አሁን ተሻለ» ብያለሁ።

ከዛ ዜብራው መጣ። አንድ አባት እየተሻገሩ ነው። ባርኔጣ አድርገዋል፤ በእጃቸው ፌስታል አለ። ቀስ ነው የሚሉት። ከሩቅ ነው ያየኋቸው። ፍጥነቴ 40 ቢሆን ነው። ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

ቀኝ እጄን ወደ ፍሬኑ ሰደድኩ። የሰደድኩ መሰለኝ። ትእዛዙ ከእኔ ወጥቷል፤ መድረሱን የሚነግረኝ ግን የለም። ጣቴ ፍሬኑን ነክቶታል? አልነካውም? ጓንት ውስጥ ነው፤ አይታይም። ቆፍኗል፤ አይሰማም። አሮጊቷ ደግሞ አልቀነሰችም። ዝቅ ብዬ አየሁት፤ አዎ፣ ዓይኔን ከሰውዬው ላይ አንስቼ እጄን አየሁት። ጣቶቼ እጀታው ላይ ተጠቅልለው ቁጭ ብለዋል። ያለ እኔ። የሰው እጅ ነው የመሰለኝ። በ40 አንድ ሰከንድ ማለት 11 ሜትር ነው። ያቺ እጄን ያየሁባት ቅጽበት 11 ሜትር ናት።

እግሬ ነው የደረሰልኝ። የኋላ ፍሬኑን ረገጥኩት። ሞተር የሚቆመው በአብዛኛው በፊቱ ፍሬን ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ነዋ የሚሄደው። የኋላው ብቻውን ያንሸራትታል። አንሸራተተ። ፍሪሲዮን አልያዝኩም፤ ግራ እጄም ያው በድን ነው። አሮጊቷ አንዴ ተንገራግጣ ጠፋች። ዜብራው ላይ። ዜብራው ጋ አላልኩም፤ ላዩ ላይ።

ጸጥ አለ።

እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ክው ብያለሁ። ስድብ እየጠበቅኩ ነው። ስድብ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ፈገግ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና «ተባረክ ልጄ» አሉኝ።

የቆምኩላቸው መስሏቸዋል።

ምን ልበል? አባባ፣ እኔ አልቆምኩም፤ ሞተሩ ነው የጠፋው? አንገቴን ነቀነቅኩ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። እንደ ጨዋ ሰው።

በነገራችን ላይ... (ስንቴ «በነገራችን ላይ» እንደምል ቁጠሩ፣ አንድ በሉ) በስህተት የተሰጠ ምርቃት ይሰራል? የምሬን ነው። እኔ እጅ ላይ ነው ያለው ወይስ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል? ባለቤቱ ማን ነው ታዲያ? እግሬ? አሮጊቷ? ካሰባችሁት እሷ ናት የቆመችው። ሲያልፍላት አይቻለሁ፤ ከዛን ቀን ወዲህ በአንድ ጊዜ ነው የምትነሳው።

አሁን ሳቅኩ። ማታ ግን አልስቅም። ማታ ስተኛ ያቺ መብራት ናት የምትመጣው። ሰውዬው አይደሉም። ቀይ፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ ጨለማ። ከዛ «ትንሽ ነው የቀረኝ»።

እጄ ሲመለስ ደግሞ፣ አምላኬ። ደሙ ሲመለስ እንደ መርፌ ነው የሚጠዘጥዘው። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ከሕመሙ ነው። አብዛኛው ከሕመሙ ነው።

እና ሦስት ሌሊት ጓንት ሳጠና ያደርኩት... ምን ላድርግ፣ ጓንት ይጠናል። ጓንት ቁጥር አለው። ኢኤን 13594 የሚባል የአውሮፓ መለኪያ አለ፤ ለሞተር ተብሎ የተሰራ ጓንት እሱን ያልፋል፣ ደረጃ 1 ወይም 2፣ የጣት አንጓ መከላከያው ከተፈተነ «ኬፒ» ይጻፍበታል። ከሚሞቁት ውስጥ ለበረዶ ሸርተቴ የተሰሩ ብዙ አሉ፤ ይሞቃሉ፣ ግን አስፋልት ላይ ብትወድቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ልኩ ደግሞ ጠበብ ካለ ደሙን ይይዝና ሙቀቱ ከንቱ ነው። ስትለኩት እጃችሁን ዘርግታችሁ ሳይሆን እጀታ እንደጨበጣችሁ ይሁን። ይሄን ሁሉ አውቄያለሁ። በደነዘዘ እጅ ላይ ሙቀት ከፍ አድርጎ መክፈት ጥሩ እንዳልሆነም አውቄያለሁ፤ 44 ዲግሪ እንኳ ለሰዓታት ቆዳ ላይ ከቆየ ያቃጥላል፣ የማይሰማ እጅ ደግሞ አይጮህም።

የማይሰማ እጅ አይጮህም። እንዴ።

ለማንኛውም የገመዱን አዘዝኩ። የገመዱ አይጠፋም ብዬ። ግን ልክ ስከፍል ምን አሰብኩ መሰላችሁ? የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ የበለጠ እሄዳለሁ። በባሰ ብርድ። ያኛው ቢያንስ ጠፍቶ ነግሮኝ ነበር። ነግሮኝ ነበር እኮ። እና እኔ... ወይ ምናልባት እያጋነንኩ ነው። ሰው ሁሉ ይሄን ያደርጋል። ሰው ሁሉ መብራት አይቶ ያልፋል። አይደል?

እጀታ ላይ የሚለበስ ትልቅ ከረጢትም አለ፣ እጃችሁን የምትከቱበት። ባትሪ አይፈልግም፤ ነፋሱን ያቆማል። እህቴ የድመት ቤት ትለዋለች። ለዛ ነበር እስከ ዛሬ ያላስገጠምኩት። ለድመት ቤት ብዬ።

ቆይ፣ ስልኬ ነው። እሷ ናት። አሁን አላነሳም።

ይሄን ክፍል ልቆርጠው እችላለሁ። ከዜብራው ጀምሮ ያለውን። ስለ ጓንት ብቻ ይሁን ብዬ... አምስት ደቂቃ ነው የምትሰማው ብያለሁ፣ ግን አንዳንዴ መኪና ውስጥ ስትሆን እስከ መጨረሻው...

ነገ ጠዋት መውጣት አለብኝ። ጓንቱ ገና አልደረሰም። አሮጌውን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ መብራቱ ከዚህ ይታየኛል። አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት ሞላ ማለት ነው ወይስ