የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ መልህቅ ጥሎ ማደር

ከሜሪላንድ፣ ከአናፖሊስ የደወሉ አድማጭ፦ «የሸራ ጀልባዬ 10 ሜትር ተኩል ናት። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ 3 ሜትር ውኃ ውስጥ መልህቅ ጥዬ ሳድር ነፋስ ሲነሣ ትጎተትብኛለች። 15 ኪሎ ሮክና የሚባል መልህቅ ነው ያለኝ፤ ከበድ ያለ ልግዛ?»

አይግዙ። ለእርስዎ ጀልባ 15 ኪሎ ይበቃል። ችግሩ የለቀቁት የገመድ ርዝመት ይመስለናል። ስሌቱ የሚነሣው ገመዱ ከሚወጣበት ከጀልባዋ አፍንጫ እንጂ ከውኃው ገጽ አይደለም። ውኃው 3 ሜትር፣ አፍንጫዋ ከውኃው በላይ 1.2፣ ውኃው ሲሞላ የሚጨምረው ግማሽ ሜትር ቢሆን ድምሩ 4.7 ነው። የሚለቀቀው የዚህ ሰባት እጥፍ ነው፤ 33 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሦስቱን ሜትር ብቻ በሰባት አባዝተው 21 ከለቀቁ ግን እጅዎ ላይ ያለው አራት ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ገመዱ ሲያጥር መልህቁን ወደ ጎን መጎተቱን ትቶ ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ያኔ ክብደት አያድንም። የአሜሪካ የባሕር ካርታ ጥልቀትን ብዙ ጊዜ በጫማ እንደሚጽፍም አይርሱ፤ ሰንሰለትዎ ላይ ያለው ምልክት በሜትር ከሆነ ድካም ባለበት ምሽት ሁለቱ ይምታታሉ።

አጣጣሉም ቁም ነገር ነው። የቼሳፒክ ወለል አብዛኛው ለስላሳ ጭቃ፣ አጥሚት ማለት ይቻላል። መልህቁ እንደወረደ በሪቨርስ ሞተሩን ካስጮኹ ጭቃውን እየሰነጠቀ ይመጣል። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙ፣ መልህቁ ወለል እስኪነካ ቀስ ብለው ያውርዱ፣ ጀልባዋ በነፋሱ ወደ ኋላ እየሄደች 33ቱን ይልቀቁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁና በዝግታ ሪቨርስ ይስጡ። ከዚያ የሞተሩን ኃይል ከፍ አድርገው ለ30 ሰከንድ ያህል ሲይዙ ዳር ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ ያሉ ሁለት ዛፎች እርስ በርስ ካልተንሸራተቱ ይዟል።

ሌላ አድማጭ፦ «ሙሉ ሰንሰለት ይሻላል ወይስ ገመድ?»

ኮራልና ድንጋይ ባለበት ሙሉ ሰንሰለት፤ ገመድ ይቆረጣል። ጭቃ ላይ ግን 10 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት ከ60 ሜትር ባለ 14 ሚሊ ናይለን ገመድ ጋር ይበቃል። የ8 ሚሊ ሰንሰለት በሜትር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 60 ሜትር ሲሆን 84 ኪሎ አፍንጫዋ ላይ ጫኑ ማለት ነው። ናይለኑ ጀልባዋን በሚነካበት ቦታ እንዳይፈገፈግ የውኃ ጎማ ቁራጭ ያልብሱት። ሙሉ ሰንሰለት የመረጡ ደግሞ 8 ሜትር ባለ 12 ሚሊ ናይለን ሰንሰለቱ ላይ አስረው ጭነቱን ወደ ጀልባዋ ማሰሪያ ያዛውሩ። ማንሻው ዊንች የተሠራው ለማንሣት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ለመሸከም አይደለም።

«ሰንሰለቱን ከመልህቁ የሚያያይዘው ባለ ፒን ማያያዣ፣ ሻክሉስ?»

ሰንሰለቱ 8 ሚሊ ከሆነ ሻክሉ 10 ሚሊ፣ የመሸከም አቅሙ የተቀረጸበት ይሁን። ፒኑ በሰንሰለቱ ቀለበት ካላለፈ ቅስቱን በሰንሰለቱ፣ ፒኑን በመልህቁ ቀዳዳ ያሳልፉ። ፒኑን አጥብቀው በቀጭን የማይዝግ ሽቦ ይሰሩት፤ ያለዚያ ሲወዛወዝ ራሱን ይፈታል። የሰንሰለቱን መጨረሻ ጀልባዋ ውስጥ በሻክል አይቆልፉት፤ ከሰንሰለቱ ማስቀመጫ ወጥቶ ደክ (የጀልባዋ የላይኛው ወለል) ላይ በሚደርስ ገመድ ይሰሩት፣ አደጋ ሲመጣ በቢላዋ እንዲቆረጥ።

«ጀልባዋ ከተወሰነ ክበብ ስትወጣ የሚጮኸው የስልክ አላርም ይበቃል?»

ይረዳል፣ ግን መልህቁ ሲወርድ ያብሩት። ሁሉን ለቀው ከጨረሱ በኋላ ከሆነ ክበቡ መሃል ላይ የሚቀመጠው ጀልባዋ እንጂ መልህቁ አይደለም፤ ነፋሱ ሲዞር በከንቱ ይጮኻል። ለ33 ሜትር ራዲየሱን 45 ያድርጉት።