13ኛዋ እንዴት ገባች?

[ስክሪኑ ላይ፦ ትንሽ ነጭ ወረቀት። ላይዋ ላይ ሁለት የዕብራይስጥ ፊደላት፣ ፔ እና ሄ።]

ይቺን ወረቀት አያችኋት? እስራኤል ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በእንዲህ ዓይነቷ ነው። መራጩ ከመከለያው ጀርባ ይገባል። ከትሪው ላይ የፓርቲውን ፊደል የያዘችውን ይመዛል፣ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። አለቀ። ድምፁ ለአንድ ሰው ሳይሆን ፓርቲው አስቀድሞ ላስመዘገበው የስም ዝርዝር ነው።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የሽ አቲድ ፓርቲ (ፔ እና ሄ የእሱ ፊደላት ናቸው) ከእስራኤል ፓርላማ፣ ከክነሴት፣ 120 ወንበሮች 11 አገኘ። ፕኒና ታማኖ-ሻታ ዝርዝሩ ላይ 13ኛ ነበረች። አዎ፣ በ2013 ክነሴት የገባችው የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያ ሴት። ለሁለት ወንበር ብላ ውጭ ቀረች።

ዝርዝሩ ግን ምርጫው አለቀ ተብሎ አይጣልም። በዚያው ዓመት ከ11ዱ ተመራጮች አንዱ ሻይ ፒሮን ለቀቀ፣ 12ኛው ኤልአዛር ሽተርን ገባ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላው ተመራጭ ያዕቆብ ፔሪ ለቀቀ። ተረኛዋ ማን ናት? 13ኛዋ! ቅስቀሳ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ቆጠራ የለ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ደብዳቤ፣ ከጎኑ ሰዓት።]

የሚለቀው አባል ደብዳቤውን ለአፈ ጉባኤው ይሰጣል። ሐሳቡን ለመቀየር 48 ሰዓት አለው። ዝም ካለ ወንበሩ ለቀጣዩ ያልፋል። የዳቦ ቤት ወረፋ በሉት።

እንዲያውም «የኖርዌይ ሕግ» የሚሉት አለ። ሚኒስትር የሆነ ሰው የክነሴት ወንበሩን ለተረኛው ሊለቅ ይችላል። ከሹመቱ ሲነሳ ወንበሩ ይመለስለታል፣ ተረኛው ሻንጣውን ሸክፎ ይወጣል። ተረኛውን ሳስበው ያሳዝነኛል። ሚኒስትሩ በተኮሳተረ ቁጥር እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም።

ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለምን እንዲህ አይሆንም? እኛ ጋ በየምርጫ ክልሉ የሚመረጠው ሰው ነው። ከኋላው ወረፋ የያዘ የለም። ሁለተኛ የወጣው ይግባ ቢባል፣ እሱ ብዙውን ጊዜ የሌላ ፓርቲ ሰው ነው፤ መራጩ አልፈልግም ያለው። ስለዚህ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ ማሟያ ምርጫ ማድረግ ግድ ነው።

ይሄ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ የቅንጅት ተመራጮች ፓርላማ አንገባም አሉ። ማሟያ ምርጫው የተካሄደው ሚያዝያ 2000 ላይ ነው፣ ከአካባቢ ምርጫው ጋር። እዚያ በሁለት ቀን የሚያልቀው እዚህ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ።

ቢሆንም ለእኔ ማሟያ ምርጫ ይሻለኛል። ወረቀቷን እስቲ እንደገና እዩዋት፤ የ13ኛዋ ስም የት አለ?

[ስክሪኑ ላይ፦ ወረቀቷ በቅርበት። ፔ። ሄ።]

ፕኒና በበኩሏ በዚያ አላበቃችም። እንደ ፈረንጆቹ በ2020 የስደተኞች አቀባበል ሚኒስትር ሆነች፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ እስራኤል ውስጥ ሚኒስትር የሆነ ከእሷ በፊት አልነበረም።